ስትሮክ ቤታችሁ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ከነርቭ ሐኪም ለቤተሰብ

ሰላም ለሁላችሁም። ኒውሮሎጂስት ነኝ፣ ስራዬ በአብዛኛው ስትሮክ ላይ ነው፣ የመጣውን ማከም ያልመጣውን ደሞ እንዳይመጣ መከላከል። በዚህ ስራ በቆየሁ ቁጥር እየገባኝ የመጣው ነገር ታካሚው እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ቤት ውስጥ የተደረገውና ያልተደረገው ነገር ብዙ ጊዜ እኔ ከማደርገው ይበልጣል። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ለሐኪም አይደለም። ደም ብዛት ያለባቸው እናት አባት ላላችሁ፣ ባልና ሚስት ለሆናችሁ፣ ውጭ ሀገር ሆናችሁ ከቤት ስልክ ሲደወል ለምትደነግጡ ነው። ረዘም ይላል ግን ታገሱኝና አንብቡት፣ ሴቭም አድርጉት።

መጀመሪያ ነገሩን ባጭሩ እንወቀው። ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ደም ስር ወይ ይዘጋል ወይ ይፈነዳል። ሲዘጋ ከሱ የሚመገበው የአንጎል ክፍል መሞት ይጀምራል፣ ሲፈነዳ ደም እዛው አንጎል ውስጥ ይፈሳል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን ሁለቱም አንድ አይነት ናቸው፣ እኔም ሲቲ ስካን ሳይነሳ በእርግጠኝነት መለየት አልችልም። ይቺን ያዙልኝ፣ ስለ አስፒሪን ስናወራ ትመጣለች። አሜሪካ ውስጥ 87% ያህሉ ስትሮክ የመዘጋት ነው፣ እኛ ሀገር የመድማቱ ድርሻ ከዛ ከፍ ይላል፣ ዋናው ምክንያትም ያልታከመ ወይ ተጀምሮ የተቋረጠ የደም ግፊት ነው። ጄፍሪ ሴቨር የሚባል የካሊፎርኒያ ኒውሮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ2006 አስልቶ እንዳወጣው ደግሞ አንድ ትልቅ ደም ስር ተዘግቶ ሳይታከም ሲቆይ በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴል ይሞታል። ለዛ ነው እኛ ስለ ደቂቃ ስናወራ የምንጨቃጨቀው።

እንዴት ታውቃላችሁ

ዋናው ቃል «በድንገት» ነው። ከወር በፊት ጀምሮ ቀስ እያለ የደነዘዘ እግር ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ቡና እየጠጡ ስኒው ከእጃቸው የወደቀ ሰው ግን እስኪረጋገጥ ድረስ ስትሮክ ነው። ሶስት ነገር ፈትኑ። ፈገግ በሉ በሏቸው፣ አንዱ የፊት ጎን ወደ ታች ከወረደ ምልክት ነው። አይናቸውን ጨፍነው ሁለቱንም እጅ ወደ ፊት ዘርግተው 10 ሰከንድ ያህል ይያዙ፣ አንዱ ብቻውን ቀስ እያለ ከወረደ ምልክት ነው። ከዛ አናግሯቸው፣ ምላስ ከከበደ፣ ቃል ከጠፋባቸው፣ ወይም የምትሉትን ካልተረዱ ምልክት ነው። ከሶስቱ አንዱ ብቻ በቂ ነው፣ ሶስቱም እስኪሟሉ አትጠብቁ።

ንግግሩ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ቤተሰብ በብዛት የሚታለለው እዚህ ጋ ነው። እማማን «እስቲ ጸልዪ» ይሏቸዋል፣ እሳቸውም አባታችን ሆይን አንድ ቃል ሳይስቱ ይወጡታል፣ ከዛ «ኧረ ደህና ናት» ተብሎ ይተኛሉ። በልጅነት የተሸመደደ ጸሎት፣ ከአንድ እስከ አስር መቁጠር፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ንግግራቸው በስትሮክ ለተጎዳ ሰዎችም ሳይነካ ሊቀር ይችላል፣ ፋቲሃም ያው ነው። ስለዚህ በጸሎት አትፈትኑ፣ አዲስ ነገር ጠይቁ፦ «ይሄ ምንድነው?» ብላችሁ ሰዓት ወይ ቁልፍ አሳዩ፣ «ትናንት ማን መጥቶ ነበር?» በሏቸው፣ «በግራ እጅሽ ቀኝ ጆሮሽን ንኪ» በሉ። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይሁን ደሞ። ኦሮምኛ ወይ ትግርኛ ተናጋሪ የሆኑ አያት በአማርኛ ቢደናገሩ ምንም ላይነግራችሁ ይችላል።

ከነዚህ ሌላ በድንገት የአንድ ወይ የሁለት አይን እይታ መጥፋት፣ ቆሞ መሄድ እስኪያቅት ሚዛን መሳት፣ በህይወት አይተውት የማያውቁት ከባድ ራስ ምታት፣ እነዚህም ይገባሉ። አራስ ሴት ወይ ነፍሰ ጡር ላይ ከባድ ራስ ምታት ከእይታ ብዥታ ወይ ከመንቀጥቀጥ ጋር ከመጣ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትለፉት፣ በዛው ቀን ሳይሆን በዛው ሰዓት ሆስፒታል።

ምች የሚባለው ነገር አለ። ፊት ጠመም ሲል ምች መታው ተብሎ ዳማከሴ ይቀጠቀጣል። እውነት ነው ፊት ብቻ የሚያጣምም የነርቭ ህመም አለ፣ እሱ ብዙ ጊዜ ግንባርንም ይይዛል፣ አይን መጨፈን ያስቸግራል፣ እጅና ንግግር ግን ደህና ናቸው። ስትሮክ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ግንባር ይተርፋል፣ ታችኛው ፊት ነው የሚወድቀው። ይሄን የነገርኳችሁ ግን ቤት ቁጭ ብላችሁ እንድትወስኑ አይደለም፣ ልዩነቱ አንዳንዴ ለኛም ያስቸግራል። ፊት በድንገት ከጠመመ መታየት አለበት፣ በቃ።

ሰዓቱን ያዙ

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ መጀመሪያ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ «መቼ ጀመረው?» ነው፣ እኛ ግን በትክክል የምንፈልገው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አባባ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሲነሱ ግማሽ አካላቸው አልንቀሳቀስ ካለ የጀመረው 12 ሰዓት ላይ ነው ማለት አይደለም፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ደህና ሆነው ከተኙ ለኛ ሰዓቱ ከዛ ይቆጠራል። ግን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ሲሄዱ በእግራቸው እንደነበር ያየ ሰው ካለ ስድስት ሰዓት አተረፋችሁ ማለት ነው፣ ይሄ ደሞ ህክምናውን ሊቀይረው ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ጠይቁ፣ ሰራተኛዋን፣ ልጆቹን፣ ጥበቃውን። የስልክ ጥሪ ታሪክም ይረዳል፣ ሰው ያናገሩበት የመጨረሻ ሰዓት እዛ ላይ አለ።

ውጭ ሀገር ያላችሁ ደሞ ይሄን ልብ በሉ። የኛ ሰዓት ከፈረንጅ ሰዓት 6 ሰዓት ይለያያል። ጠዋት በኛ 4 ሰዓት ላይ (በነሱ 10 ሰዓት መሆኑ ነው) የጀመራቸውን እናት ልጃቸው ደንግጣ «አት ፎር» ብላ ለሐኪሙ ብትነግረው እሱ ሌሊት 10 ሰዓት ነው የሚመስለው። በአንድ ሰዓት ተኩል የደረሱ ሴትዮ በሰባት ሰዓት ተኩል እንደደረሱ ተቆጥረው የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ ሊያልፋቸው ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥም ቢሆን ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚጻፍ «በሀበሻ ሰዓት» ወይ «በፈረንጅ ሰዓት» ብላችሁ ጨምሩ፣ ወይ ደሞ «ከጀመራቸው ሁለት ሰዓት አለፈ» ብላችሁ ንገሩን፣ እሱ አያሳስትም።

ደቂቃው ለምን እንዲህ እንደሚያስጨንቀን የህክምናውን ታሪክ ካያችሁት ይገባችኋል። እ.ኤ.አ. እስከ 1995 ድረስ የተዘጋን የአንጎል ደም ስር የሚከፍት የተረጋገጠ መድኃኒት አልነበረም። በዛ አመት አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት በ3 ሰዓት ውስጥ በደም ስር የተሰጠ የረጋ ደም የሚያሟሟ መርፌ ሰዎች አካል ጉዳተኛ ሆነው እንዳይቀሩ እንደሚረዳ አሳየ፣ በ1996 ተፈቀደ፣ በ2008 ደግሞ የአውሮፓ ጥናት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ እንደሚጠቅም አረጋገጠ። በ2015 በተከታታይ የወጡ አምስት ጥናቶች በብሽሽት በኩል በቀጭን ቱቦ ገብቶ የረጋውን ደም ጎትቶ ማውጣት ትልልቅ ደም ስሮች ለተዘጉባቸው ምን ያህል እንደሚጠቅም አሳዩ፣ በ2018 በምስል ተመርጠው እስከ 24 ሰዓት ድረስ ያሉ ሰዎችም ተጨመሩ። ከእኔ በፊት የነበሩ የነርቭ ሐኪሞች ስትሮክን ለይተው ስም ሰጥተው ከማየት ውጪ ብዙ የሚሰሩት ነገር አልነበራቸውም፣ የኛ ትውልድ ግን ሽባ ሆኖ የገባ ሰው እጁን ሲያነሳ እያየ ነው፣ ይሄን ማየት እንዴት ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን እነዚህ ህክምናዎች በስፋት አይገኙም፣ ዋጋቸውም ከባድ ነው፣ የነርቭ ሐኪሞቹም አብዛኞቻችን አዲስ አበባ ነን። ይሄን ስል «ታዲያ ለምን እንሩጥ» እንዳትሉኝ። ማሟሟቱ ባይኖርም መድማቱን ከመዘጋቱ መለየት፣ ስኳሩን፣ ትኩሳቱን፣ ኦክስጅኑን፣ መዋጡን መቆጣጠር፣ እንዲህ አይነቱ የተደራጀ እንክብካቤ ብቻውን ህይወት እንደሚያተርፍ በደንብ የተረጋገጠ ነው።

መንገድ ላይና ከመንገድ በፊት

አዲስ አበባ ከሆናችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ደውሉ፣ ይቆያል ካሏችሁ ግን አትጠብቁ፣ ራይድም ፈረስም የጎረቤት መኪናም ይሆናል። መኪና ውስጥ በጎን ይተኙ፣ ካስመለሳቸው እንዳይታፈኑ። የምትሄዱት በጣም ቅርብ ወደሆነው ክሊኒክ ሳይሆን ሲቲ ስካን ወዳለው ቅርብ ሆስፒታል ነው። ክሊኒክ ገብቶ ግሉኮስ ተሰቅሎ ሁለት ሰዓት ተቆይቶ ሪፈር መባል የብዙ ሰው ታሪክ ነው። እየሄዳችሁ አንዱ ሰው ይደውልና «ሲቲው አሁን እየሰራ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፣ ማሽን የሚበላሽበት ጊዜ አለ። ከዚህ የሚሻለው ደሞ ዛሬ ደህና ቀን ላይ ጠይቃችሁ የሁለት ሆስፒታል ስልክ መያዝ ነው፣ ክፍለ ሀገር ያላችሁ በተለይ። ትንፋሽ ካስቸገራቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን መጀመሪያ ቅርብ ያለው ጤና ተቋም ይግቡ።

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ፣ የማህበረሰብ ጤና መድን ካርድ ካላቸው እሱንም፣ ሲጀምራቸው ያየውን ሰው ደሞ አስከትሉ፣ ካልተቻለ ስልክ ቁጥሩን። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ይሄን ከሁሉ በፊት ንገሩን።

አሁን የማታደርጉት። በአፍ ምንም አትስጡ። ውሃም፣ ሻይም፣ አጥሚትም፣ ስኳር በውሃም። ስትሮክ መዋጥን ያበላሻል፣ የጠጡት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ከዛ የሚመጣው የሳንባ ምች ራሱ ሊገድል ይችላል። ጠበል የምትወስዱ ቤተሰቦች፣ እምነታችሁን አከብራለሁ፣ ብዙ አባቶችም ከሐኪም ጋር አብሮ እንዲሆን ይመክራሉ፣ ብቻ መዋጣቸው እስኪፈተሽ ድረስ ይረጩ እንጂ አይጠጡ፣ እሱም ወደ ሆስፒታል እየሄዳችሁ ይሁን።

አስፒሪን አትስጡ። ለድንገተኛ የልብ ህመም (ሃርት አታክ) ጥሩ ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፣ ለተዘጋ ስትሮክም በኋላ እኛው እንሰጣለን፣ ግን ቅድም እንዳልኳችሁ ሲቲ ሳይነሳ መድማት ይሁን መዘጋት አይታወቅም፣ ለደማ አንጎል አስፒሪን መስጠት ደሙን ማባባስ ነው። የደም ግፊት ኪኒንም አትደርቡ፣ ምላስ ስር የሚደረገውንም እንዲሁ። ለክታችሁ 190 ብታገኙ ትደነግጣላችሁ፣ ይገባኛል፣ ግን ደም ስሩ ተዘግቶ ከሆነ ሰውነት ግፊቱን ከፍ ያደረገው በጎን በኩል ትንሽም ቢሆን ደም ለማሳለፍ ነው፣ ባንዴ ስታወርዱት በህይወት የነበረውን ክፍል ትገድላላችሁ። ማውረድ ካስፈለገ እኛ በመጠኑ እናወርደዋለን። ማሸት፣ ጣት መውጋት፣ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት፣ እነዚህ ሁሉ ጊዜ ከማባከን በቀር ምንም አይጠቅሙም።

አንድ ነገር ብቻ ቤት ውስጥ ብታዩ ጥሩ ነው፣ የስኳር ታካሚ ከሆኑና መለኪያው ካላችሁ ስኳር ለኩ። ኢንሱሊን ወግቶ ያልበላ ሰው ስኳሩ ወርዶ ልክ ስትሮክ ሊመስል ይችላል። ከ70 በታች ከሆነና ሙሉ በሙሉ ነቅተው፣ ምራቃቸውን በደንብ እየዋጡ ከሆነ ብቻ ጣፋጭ ይውሰዱ፣ ካልሆነ ሩጡ።

«ተወው፣ ለቀቀኝ» ሲሉ

ይሄ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ነው። ለአስር ደቂቃ እጃቸው ከድቷቸው ወይ ንግግር ተሳስሮባቸው መልሶ ልክ የሆነ ሰዎች። ሰው ሁሉ ተመስገን ብሎ ወደ ስራው ይመለሳል። ያ ሚኒ ስትሮክ ነው፣ ደም ስሩ ተዘግቶ ራሱ ተከፈተ፣ ዋናው ስትሮክ የሚመጣበት አደጋ ደሞ ከሁሉም የሚከፋው በሚቀጥሉት 48 ሰዓታት ውስጥ ነው። ፒተር ሮዝዌል የሚባል የኦክስፎርድ ኒውሮሎጂስት አለ፣ አብዛኛውን የስራ ዘመኑን ስትሮክን መከላከል ላይ ያዋለ ሰው ነው። እሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ሚኒ ስትሮክ ወይ ቀላል ስትሮክ የነበራቸውን ሰዎች ቀጠሮ ከማስጠበቅ ይልቅ በዛው ቀን አይቶ ህክምና ማስጀመር በሶስት ወር ውስጥ የሚመጣውን ስትሮክ ከ10.3% ወደ 2.1% አወረደው። አዲስ መድኃኒት አልተፈጠረም እኮ፣ የነበሩት ርካሽ መድኃኒቶች ቶሎ ስለተጀመሩ ብቻ ነው። ስለዚህ የለቀቀ ምልክት ያልለቀቀ ምልክት ያህል ነው፣ በዛው ሰዓት ሂዱ፣ «አሁን ደህና ነኝ» ቢሉም ይዛችኋቸው ሂዱ፣ ተቆጡም ቢሆን።

እንዳይመጣ

በ32 ሀገሮች የተሰራ ኢንተርስትሮክ የሚባል ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳየው ልናስተካክላቸው የምንችላቸው 10 ነገሮች ከ90% ገደማ ስትሮክ ጋር የተያያዙ ናቸው፣ ከሁሉም ትልቁ ደም ግፊት ነው። ሲጋራ፣ አረቄ፣ ጫት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ አለመንቀሳቀስ፣ ስለነዚህ ሰምታችኋል፣ አልደግመውም። እኔ ግፊቱ ላይ እቆያለሁ።

ደም ግፊት አያምም። ራስ ምታት የለኝም ስለዚህ ግፊት የለኝም የሚለው ስንት ሰው እንደወሰደ። ከ18 አመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ መለካት አለበት፣ ጤና ጣቢያ ይለካላችኋል። ቤት የምትለኩ ደሞ በትክክል ለኩ፦ ከመለካቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራ፣ ስፖርት የለም፣ ሽንት ካላችሁ ሽኑ፣ ጀርባችሁን ደገፍ አድርጋችሁ እግራችሁን መሬት አስነክታችሁ አምስት ደቂቃ ቁጭ በሉ፣ ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ በልብ ልክ ይረፍ፣ ጨርቁ ባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፣ በሹራብ ወይ በጋቢ ላይ አይደለም፣ ሲለካ አታውሩ። ሁለቴ በደቂቃ ልዩነት ለክታችሁ ጻፉት። ክንድ ላይ የሚታሰረው የእጅ አንጓ ላይ ከሚታሰረው ይሻላል። ቤት ውስጥ አማካዩ ከ135 በ85 በላይ ከሆነ፣ ጤና ተቋም ውስጥ ደግሞ ከ140 በ90 በላይ ከተደጋገመ ሐኪም ጋ ሂዱ። ብዙ ጥናቶች ተደምረው እንዳሳዩት የላይኛውን ቁጥር በ10 ብቻ ማውረድ የስትሮክን እድል በሩብ ገደማ ይቀንሳል። በአስር ብቻ!

ከዛ መድኃኒቱ ይጀመራል፣ ችግሩም አብሮ ይጀመራል። ሰው ሁለት ወር ይወስድና ግፊቱ ሲስተካከል «ተሻለኝ» ብሎ ይተዋል። የተስተካከለው መድኃኒቱ ስላለ ነው፣ ስትተውት ይመለሳል። ይለመድብኛል የሚለውም ልክ አይደለም። ነጭ ሽንኩርቱንም፣ ተልባውንም፣ ሽፈራውንም ብሉ፣ ክፉ አይደሉም፣ ኪኒኑን ግን አይተኩም። ሰው የሚያቆምበት ሌላው ምክንያት የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፣ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል፣ አምሎዲፒን እግር ያሳብጣል፣ የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል (ጠዋት ውሰዱት)። እነዚህ ሁሉ መፍትሄ አላቸው፣ ተመልሳችሁ ስትነግሩን እንቀይርላችኋለን፣ ዝም ብላችሁ ስታቆሙ ግን እኛ የምናውቀው ድንገተኛ ክፍል ስትመጡ ነው። ጾም ላይም እንዲሁ፣ ሁዳዴ ሲገባ ወይ ረመዳን ሲገባ ከመድረሱ በፊት ሐኪማችሁን አናግሩ፣ በቀን አንዴ የሚወሰድ ሆኖ ከጾም መፍቻው ወይ ከስሁር ጋር የሚስማማ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይቻላል። የኔ ታካሚዎች ላይ ከጾም በኋላ ግፊታቸው ወጥቶ የሚመጡት ያሳዝኑኛል ምክንያቱም በአምስት ደቂቃ ንግግር የሚፈታ ነገር ነበር።

ጨው። የአለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ቀኑን ሙሉ። እኛ ጋ ጨው ወጥ ላይ ብቻ አይደለም የሚገባው፣ በርበሬው ሲዘጋጅ ብዙ ቤት ውስጥ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮውም፣ ከዛ ወጡ ላይ ይጨመራል፣ ማጊ ጣል ይደረግበታል፣ አንዳንድ አካባቢ ቡናውም በጨው ነው። በርበሬና ሽሮ ስታስፈጩ ጨው ሳይገባበት አስፈጩ፣ ቤት ውስጥ አንዴ ወጥ ላይ ብቻ ይግባ። ለአንድ ሰው ለብቻው አልጫ ከመስራት ለሁሉም ጨው መቀነስ ይሻላል፣ ለብቻው የሚሰራለት ሰው በሳምንቱ ሰልችቶት ይተዋል።

ሌላው የኛ ሀገር ነገር ልብ ነው። በልጅነት ቶንሲል ታሞ በደንብ ያልታከመ ልጅ በኋላ የልቡ በሮች (ቫልቮች) ሊጎዱ ይችላሉ፣ ሲጎዱ በሩ ይጠባል፣ የልብ ምቱ ይዘበራረቃል፣ ልብ ውስጥ ደም ይረጋና ወደ አንጎል ይሄዳል። ለዛ ነው 25 አመት የሆናት ልጅ ስትሮክ ይዟት ስትመጣ መጀመሪያ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የማዘው። የልጆቻችሁን የጉሮሮ ህመም አሳክሙ፣ የታዘዘውንም ጨርሱ፣ በየ3 ወይ 4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የታዘዘለት ልጅ ቀኑ አይለፈው። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ደሞ አይኤንአራቸውን (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየውን የደም ምርመራ) በቀጠሮው ይለኩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምንፈልገው በ2 እና በ3 መካከል ነው። ጎመን አትብሉ አይባልም፣ መጠኑ ግን እኩል ይሁን፣ ጾም ሲገባ ባንዴ በየቀኑ ጎመን መሆን ከጀመረ የመድኃኒቱ ጉልበት ይቀንሳልና ቀደም ብላችሁ ተለኩ። አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶች ይሄን ስሙኝ፦ «ዋርፋሪን አሮጌ ነው» ብላችሁ ኤሊኩዊስ ወይ ዛሬልቶ የሚባሉትን አዲሶቹን ደም ማቅጠኛዎች አትላኩ። የልብ በራቸው በዚህ በሽታ ለተጎዳና ምታቸው ለተዘበራረቀ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ የሚባል ጥናት ዋርፋሪንና መሰሎቹ ከሪቫሮክሳባን (ዛሬልቶ ማለት ነው) የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል፣ ሞትም ያነሰው በነሱ ነው። ያልተጎዳ በር ላላቸው አዲሶቹ ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፣ የቱ ለማን የሚለው ግን የሐኪሙ ውሳኔ ነው።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ

ሳትወጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የሷ ስትሮክ የመዘጋት ነው የመድማት?» መልሱን ጻፉት፣ የሲቲውን ሪፖርት ፎቶ አንሱት። የመዘጋት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አስፒሪንና አቶርቫስታቲን (የኮሌስትሮል መድኃኒት) ይኖራል፣ የመድማት ከሆነ አስፒሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይነካም፣ ከጎረቤት የመጣ «ለልብ ጥሩ ነው» የተባለ ኪኒንም እንደዛው።

ምግብ ሲሰጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነው፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ይበሉ። ቀጭን ውሃ ካስቸገራቸው ወፈር ያለ አጥሚት ወይ ለስላሳ ገንፎ ይቀላል። ተኝተው እያሉ በፍቅር የሚጎረሰው ትልቅ ጉርሻ አደገኛ ነው፣ ትንሽ ትንሽ፣ ዋጡ ወይ ብሎ እያዩ። ከአልጋ የማይነሱ ከሆነ በየ2 ሰዓቱ አገላብጧቸው። የደከመውን እጅ ይዛችሁ አትጎትቱ፣ ትከሻው ይወልቃል፣ ስታነሱ ከወገብና ከጀርባ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየውን ልምምድ ቪዲዮ ቅረጹና በየቀኑ ስሩ፣ በሳምንት አንዴ ሐኪም ጋ መሄዱ ብቻውን አይበቃም።

ንግግር የጠፋባቸውን ሰዎች እንደ ህጻን አታናግሯቸው፣ አይምሯቸው ብዙውን ሊረዳ ይችላል፣ አጭር አድርጉና ጊዜ ስጡ፣ አዎ ወይም አይ የሚባል ጥያቄ ጠይቁ፣ ቲቪውን ዝጉ። ጠያቂ መምጣቱ የሀገራችን ደግ ባህል ነው ግን አስራ አምስት ሰው ባንዴ ክፍሉን ሞልቶ ሲያወራ የተጎዳ አንጎል ይዝላል፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይግቡ፣ ሌላው ሳሎን ቡና ይጠጣ። ከወራት በኋላ ዝም ማለት፣ ምግብ መተው፣ ማልቀስ ከመጣ «ተስፋ ቆርጦ ነው» ብላችሁ አትለፉት፣ ከስትሮክ በኋላ ድብርት የተለመደ ነው፣ ይታከማልም።

ውጭ ላላችሁ

አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳውዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ሊባኖስ ቀይ መስቀል 140። ራሳችሁ ነድታችሁ አትሂዱ፣ አምቡላንሱ ለሆስፒታሉ ቀድሞ ስለሚያሳውቅ ቡድኑ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ቤት ሰራተኛ ሆናችሁ አረብ ሀገር ያላችሁ እህቶቼ ጓደኛችሁን እንዲህ ካደረጋት ለማዳሟ በአረብኛ «ጀልጣ» በሏት፣ ወዲያው ትረዳለች። አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በስልክም ቢሆን ያቀርባሉ፣ ክፍያ የለውም። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት የሚያወሩት አማርኛ የተሳከረ ይሁን ደህና ነርሷ ልታውቅ አትችልም፣ እሱን መናገር የምትችሉት እናንተ ናችሁ፣ «ቃላቱ አማርኛ ናቸው ግን ትርጉም አይሰጡም» ብላችሁ ግልጽ አድርጉላቸው።

ወደ ቤት የምትልኩትን በተመለከተ ደግሞ ከመድኃኒት በፊት ክንድ ላይ የሚታሰር ጥሩ የግፊት መለኪያ ላኩ፣ የእናታችሁን የክንድ ዙሪያ በሜትር አስለክታችሁ የሚሆነውን መጠን ምረጡ፣ ጨርቁ ከጠበበ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ልጅ መድቡ፣ በየሳምንቱ እሁድ የሁለቱን ልኬት ፎቶ ይላክ፣ ፎቶው ሳይላክ የቀረ ሳምንት ካለ ደውሉ፣ ስትደውሉም «ደህና ነሽ?» ብቻ ሳይሆን «ኪኒኑ አለ? ስንት ፍሬ ቀረ?» በሏት። ከሰባት በታች ከቀረ በዛው ቀን ሰው ፋርማሲ ይሂድ።